የጠመዝማዛው ደረጃ ግንበኛ፣ የአቶ አለነ ክንዱ ዜና ሕይወት

ይህን የማነበው የደብሩ ቄሰ ገበዝ ሐብተ ማርያም ነኝ። ቤተሰቡ ሌላ አንባቢ መርጦ ነበር፤ የሟቹ ስም ሳይነጻ አፈር እንዳይጫናቸው ብዬ እኔው ለምኜ ወሰድኩ።

አቶ አለነ በ፲፰፻፺፰ ዓ.ም. በጠዳ አጠገብ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ የሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተወልደው፣ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ድንጋይ መጥረብን ከአጎታቸው ተምረው፣ ጠላት ከአገር በወጣ ማግስት በጎንደርና በዙሪያዋ የፈራረሰውን ግንብ እየጠገኑ ስመ ጥር ሆኑ። በ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሽን አግብተው ሐረገወይንንና ዳኛውን ወለዱ።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. የደወል ቤታችንን ጠመዝማዛ ደረጃ ያለ መሐል ምሰሶ ሠሩ። በምን እንደቆመ ስንጠይቃቸው፣ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ጫፉ በግንቡ ውስጥ ተቀብሮ፣ በፊት ጠርዙ ደግሞ በታቹ ድንጋይ ላይ ተደግፎ እንደሚኖር፣ ከበላዩ ያለው ግንብ ካልተጫነው ግን ከጉድጓዱ እንደሚዞር፣ አንዱ ከዞረም የላዩ ሁሉ ተከትሎት እንደሚወርድ ያስረዱን ነበር። እኔም ሰምቻለሁ፤ አልገባኝም ልል አልችልም።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. በደብራችን ክብረ በዓል ዋዜማ ከአስመራ በማኪና የመጣው አዲሱ ደወል በደወል ቤቱ መስኮት አልገባ ሲል፣ ከደረጃው በላይ ያለው ግንብ እንዲፈርስ ታዘዘ። አቶ አለነ «ምነው አባቴ፣ ሸክሙን አያንሱበት፤ የያዘው ሸክሙ ነው» ብለው ለመኑ። ትእዛዙ ሲጠናባቸው አፍርሰው፣ ሰው እንዳይወጣበት አስጠንቅቀው፣ የድጋፍ እንጨት ሊያመጡ አዘዞ ወረዱ፤ እስኪመለሱ ግን አልተጠበቁም። ሊደውል የወጣው ዲያቆን ኃይለ ጊዮርጊስ፣ የወይዘሮ ይመኙሽ ታናሽ ወንድም፣ ከዘጠኝ የደረጃ ድንጋይ ጋር ወድቆ ሕይወቱ አለፈ።

አገሩ ሁሉ ግንበኛውን ረገመ። ወይዘሮ ይመኙሽም የወንድሜን ደም ካፈሰሰ እጅ ጋር በአንድ ማዕድ አልቀርብም ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ሳንጃ ገቡ። አቶ አለነ አንድ ቃል ሳይመልሱ፣ መሮና መዶሻቸውን ሰቅለው፣ ኖራ እያቃጠሉ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ አቧራው ደረታቸውን ጨርሶት ትናንት ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ብቻቸውን ዐረፉ።

ግንቡ ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ። ዲያቆኑን ውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለማንም እንዳይተነፍሱ አቶ አለነን በመስቀሌ ገዘትኳቸው፤ ደብሩ እንዳይታማ ነው አልኩ እንጂ ሹመቴን ፈርቼ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ለሚስቴ ብቻ ልንገራት፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ ብለው ላኩብኝ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ።

አቶ አለነ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኔ ያሰርኩትን እግዚአብሔር ይፍታ፤ ነፍሳቸውንም ሐሜት በማይደርስበት በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍ። ወይዘሮ ይመኙሽ፣ ሊነግሩዎት የፈለጉት ይህን ነበር።