ሳር የያዙት ሽማግሌ

ሴቻ ሰፈር አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያ መሪ ገጸ ባህሪዬን እየተጫወትኩ ነው። በትያትሩ ወንድሜ የሆነውን ልጅ በጩቤ ልወጋው ስል፣ አንድ ሽማግሌ ከተመልካቹ መሀል ተነስተው መድረክ ላይ ወጡ። እዚያ ከጎዘጎዝነው እርጥብ ሳር ጨብጠው ፊቴ ተንበረከኩ። ጋሞ አገር ደግሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከለመነ ጠብ የሚባል ነገር የለም። አዘጋጃችን ከመጋረጃው ጀርባ «ውጋው እንጂ!» ይለኛል። ማን ደፍሮ! ጩቤውን ጥዬ ሟቼን አቅፌ ሳምኩት። ትያትሩ እኩሌታው ላይ አለቀ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ልቤ አብጦ ሽማግሌውን በር ላይ ደረስኩባቸው። «አባባ፣ የእውነት የምገድለው መስሎዎት ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ ትያትር መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉኝ እየተጣደፉ። «ባለቤቴ ካላለቀ አልነሳም ብላ ወደ መንደራችን ጫኖ የሚሄደው መኪና ሊያመልጠን ነው።»