በችግኝ መቅናት

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በመኪናው ይቀናል፣ በልጁ ትምህርት ይቀናል። አቶ ሀብተሥላሴ ግን የቀኑት በችግኝ ነበር።

ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ወንዙ ሰፈሩን ለሁለት ይከፍለዋል። የወዲህ ማዶው እድር ዳኛ አቶ ሀብተሥላሴ ሲሆኑ፣ የወዲያ ማዶው ደግሞ ጡረታ የወጡት መምህር ማቲዎስ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የወዲያ ማዶው እድር ከአንድ የውጭ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ አገኘና የወንዙን ዳር በድንጋይ እርከን ደግፎ አገር በቀል ዛፍ ተከለበት። ታፔላ ቆመ። እንግዶች በመኪና መጡ። መምህር ማቲዎስ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ያውም ክራቫት አስረው።

አቶ ሀብተሥላሴ የዚያን ዕለት ራት አልበሉም። በማግስቱ የእድሩን አባላት ሰብስበው፣ «እኛ የፈረንጅ ገንዘብ ሳንለምን እናሳያቸዋለን» አሉና በወዲህ ማዶ ባሕር ዛፍ አስተከሉ። ባሕር ዛፉም አላሳፈራቸውም፤ ተመዘዘ፣ ከጣሪያም አለፈ። የማዶዎቹ ወይራና ኮሶ ገና ከሰው ትከሻ አልበለጡም። አቶ ሀብተሥላሴ ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ጫፍና ጫፉን ማስተያየት ልማድ ሆነባቸው።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና ከአንድ ቡና ቤት ገቡ። ባንኮኒው አጠገብ አንዲት ልጅ ማኪያቶዋን እያማሰለች ቆማለች። ሰገን ነበረች፤ የወዲህ ማዶ ልጅ፣ በስድስት ኪሎ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተማረች፣ አሁን ግን ለወዲያ ማዶው ፕሮጀክት የምትሠራ። አቶ ሀብተሥላሴን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነበር።

«የማዶዎቹ ምሁር!» አሉ ኮታቸውን እያራገፉ። «በኛ ጭቃ አድገሽ ለሰው ሰፈር ችግኝ ታሳድጊያለሽ አሉ።»

«እንደምን አሉ ጋሼ» አለች ሰገን ዐይኗን ሰበር አድርጋ። «እኔ የምሠራው በአፈሩ ላይ ነው። አፈር ደግሞ ማዶ አያውቅም።»

«ስለ ነገው ስብሰባ ልትለምኚኝ ከሆነ አትድከሚ። መልሴ እምቢ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሁለተኛውን ዙር ድጋፍ ለመስጠት፣ ወንዝ በአንድ ዳር ብቻ አይጠበቅምና ሁለቱ እድሮች አብረው ይግቡበት፣ አለዚያ ይቀራል ብሏል። የወዲህ ማዶው እድር እሑድ ሊመክር ነው። የሚመክርበት ቤት፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ቆሟል። ባለፈው ክረምት የጓሮ አጥሩን ጎርፍ ወስዶታል፤ የቀረው ግድግዳው ነው።

«ምክንያትዎን ብሰማ?» አለች ሰገን።

«ነጭ በነፃ አይሰጥም።»

«እውነትዎን ነው፤ በነፃ አይሰጥም።»

ሽማግሌው ክርክር እንጂ ስምምነት አልጠበቁምና ደነገጡ። «ታዲያ?»

«ድንጋይ የሚሸከም ክንድ ከኛ ይፈልጋል። ችግኙን ከፍየል የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ከርሞ መጥቶም የጸደቀውን አሳዩኝ ይላል። ምጽዋት ቢሆን ሰጥቶ ይሄድ ነበር።»

«ለሱ ምን ሊጠቅመው?»

«ሰማዩ አንድ ነው፣ ጋሼ። በፋብሪካቸው ጢስ ከኛ ይልቅ ያሞቁት እነሱ ናቸው፤ ድርቁና ጎርፉ ግን እኛንም አልማረም። ስለዚህ ገንዘቡ ውለታ ብቻ አይደለም፣ ድርሻም አለበት። ድርሻን መቀበል ደግሞ አያሳፍርም።»

«አፍሽ ተምሯል!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «እኔ ግን ስንት ፕሮጀክት አይቻለሁ። አበሉ ተበላ፣ መኪናው ተነዳ፣ ታፔላው ብቻ ቀረ።»

ሰገን አልካደችም። የተማረ ሰው አንዱ ጥፋት የሚወደውን ነገር ጉድፍ መሸሸግ ነው፤ እሷ ይህ ጥፋት አልነበረባትም። «እኔም አይቻለሁ» አለች። «ዛፎቹ የሞቱት ግን ገንዘቡ የውጭ ስለሆነ አይደለም፤ ባለቤት ስላልነበራቸው ነው። ሁሉም ‹የፕሮጀክቱ ዛፍ› ይላል፤ ‹ዛፌ› የሚል የለም። ዘላቂ የሚባለው ነገር ከዚያች ቃል ይጀምራል።»

«እኔማ ዛፌ ብዬ ነው የተከልኩት! የኔ ጣሪያ አልፏል፣ የማቲዎስ ገና ይድሃል። ማን ቀደመ?»

ሰገን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከዛፍዎ ሥር ምን በቅሏል፣ ጋሼ?»

አቶ ሀብተሥላሴ አሰቡ። ደረቅ ቅጠል ትዝ አላቸው። ሌላ ምንም ትዝ አላላቸውም።

«ማዶስ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማየው ጫፉን ነው።»

«ባሕር ዛፍ ክፉ አይደለም፤ ለማገርም ለማገዶም ጎበዝ ነው። ከሥሩ ግን ሣር አያስጠጋም። ዝናቡ አፈሩን ራቁቱን ያገኘዋል። የማዶዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ግን አፈሩን ጨብጦታል።»

ሽማግሌው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት አስታወሱ፤ ጮክ ብለው ግን አልተናገሩትም። ይልቅ በልባቸው የከረመው ድንገት አመለጣቸው። «እሺ፣ አፈሩስ ይሁን። ታፔላው ላይ የማን ስም ሊጻፍ ነው?»

ከባንኮኒው ኋላ ያለው አስተናጋጅ ሳቁን ዋጠ። ሰገን ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀልቶ፣ «መቅናቱንስ ይቅኑ፣ ጋሼ» አለች፤ «ግን በጫፉ አይቅኑ። በሥሩ ይቅኑ።»

ዝናቡ ጋብ ሲል አብረው ወረዱ። ከእድሩ ቤት ሲደርሱ አቶ ሀብተሥላሴ ባሉበት ቆሙ። ከሁሉ የረዘመው ባሕር ዛፋቸው ሥሩን ሰቅሎ ወደ ወንዙ ተደፍቷል። አብሮት አንድ ጎን አፈር ሄዶ የቤቱ ማዕዘን በአየር ላይ ቀርቷል። ማዶ ያው ዝናብ ዘንቧል፤ እርከኑ ግን እንደ ቆመ፣ ትንንሾቹ ዛፎችም እንደ ቆሙ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫፍና ጫፉን ሲያስተያዩ የኖሩት አቶ ሀብተሥላሴ ሥሩን ያዩት ያን ዕለት ገና ነበር።

«ሀብተሥላሴ!» አሉ መምህር ማቲዎስ ከወዲያ ማዶ ጃንጥላ ይዘው። «ግድግዳው ሳይናድ ድንኳኑንና ወንበሩን ወደኛ አዳራሽ አሻግሩ! ልጆች ልኬያለሁ!»

አቶ ሀብተሥላሴ እስከ አፋፉ ድረስ ተጠጉ። ከመምህሩ ጎን የቆሙት ሚስታቸው ወይዘሮ በለጠች በባላቸው ሳቁ። «ጉድ እኮ ነው! ሦስት ዓመት በባሕር ዛፍህ ሲቀና ከርሞ ዛሬ ገና አዘነልህ!»

«ዝም በይ፣ በለጠች!»

«ምን ዝም እላለሁ! ‹የሱ ጣሪያ አለፈ፣ እናንተን ምን ነካችሁ› እያለ ችግኝ ሲቆጣ ነው የኖረው!»

«በኔ ባሕር ዛፍ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። በዚህ ዕድሜያቸው እንደዚያ የሚስቁ አይመስላቸውም ነበር፤ ሰገን ባትደግፋቸው ኖሮ ከአፋፉ ይወድቁ ነበር።

እሑድ ሁለቱ እድሮች በወዲያ ማዶ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አቶ ሀብተሥላሴ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ እስከ ትናንት ድረስ እምቢ ልላችሁ ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን እሺ እንበል ነው የምለው። ድርጅቱ ለእርከኑና ለችግኙ ይርዳን፤ ጉልበቱና ጥበቃው የኛ ይሁን። ሥራ ያጡ ልጆቻችን ችግኝ ጣቢያውን ይያዙት። ሣሩን ከብት ያለው አጭዶ ይጠቀም። ሒሳቡ በሁለቱ እድር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ያኔ አበል ለመብላት የመጣ ይሄዳል። የኔን ባሕር ዛፍ ቁረጡና ለችግኙ አጥር አድርጉት፤ ያጠፋውን በዚያ ይካስ። የውጪው ገንዘብ አንድ ቀን ያልቃል። ሥሩ ከያዘ ግን አፈራችን ይቀራል፣ ቤታችንም ይቆማል።»

«ታፔላውስ?» አለ አንድ ነገረኛ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

«ታፔላው ላይ የወንዙ ስም ይጻፍ፤ እሱ ነው ሁለታችንንም የሚያውቀን።» አቶ ሀብተሥላሴ ወደ መምህር ማቲዎስ ዞሩ። «እኔም ቀናሁ፣ አንተም ቀናህ። አሁን ደግሞ ይቅናን።»

«አሜን» አለ የሁለቱም ማዶ ሰው።