ባለቤቴ በኑዛዜው ላይ የተሰጣት ቦታ

ይህን ስትሰሙ አንድም ቃል እንዳትዘሉብኝ፤ ብትደግሙትም እንዳለ ድገሙት። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ሐዋሳ ሄጄ ቀዶ ሕክምና እንዳደርግ ቀን ተቆርጦልኝ ሳለ፣ ፍስሐ ገነት የሚኖሩት የወንድሜ ልጆች ሊጠይቁኝ ዲላ መጡና ከሕመሜ ይልቅ የቤቴ ካርታ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ብሞት ባለቤቴን ከቤቷ ያስወጧታል ብዬ ሰጋሁ።

ባንክ የምትሠራው ጎረቤታችን ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ኑዛዜ እኮ አሁን በኦንላይን ይሞላል፤ ቀላል ነው» ብላ ስልኳን ይዛ መጣች። ስሜንም ቤቱንም በደህና ሞላን። የወራሽ ዝምድና በሚለው ሥር «ሚስት» የሚለውን ስንመርጥ ግን ፎርሙ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቁጥር ካልገባ አላልፍም አለ። እኛ የተጋባነው ቡሌ፣ በአባቷ ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ቁጥር የሰጠን የለም።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ‹ሌላ› የሚለውን ልጫነው። ቤቱ እንደሆነ የእሳቸው መሆኑ አይቀርም» አለች ትርሲት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ሳቀች። «ምንህ ሆኜ ነው ታዲያ እስከ ዛሬ ስታኮርፈኝ የኖርከው?»

እኔ አልሳቅሁም። የወንድሜ ልጆች ያችን «ሌላ» የምትል ቃል ይዘው ፍርድ ቤት ሲቆሙ፣ «አጎታችን ራሱ ሚስቴ ናት አላለም» ሲሉ ታየኝ።

«ልጄ፣ ስልክሽን ዝጊው» አልኋት።

ኑዛዜዬን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ምስክሮች ጠርቼ አነበብሁላቸው። እርሱም ይበቃ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሚስቴ «ሌላ» ተብላ እንድትመዘገብ ግን አልተቀበልሁም።