በሞሮዙሚ ስም የተለጠፈው ስህተት

የተከበራችሁ ቤተሰቦችና ወዳጆች፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚሆኮ የዶክተር ሞሮዙሚ ኬይሱኬን ዜና ሕይወት እንዳነብ እኔን ናጋሃማን ሲመርጡ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በኚህ ሰው ስቀና መኖሬን አላወቁም ነበር። ዛሬ ይወቁት።

ዶክተር ሞሮዙሚ ከሌንስ ሠራተኛው ከአቶ ዮሺሃሩና ከወይዘሮ ፉኬ እ.ኤ.አ. በ1956 በኦካያ ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ትምህርታቸውን እዚያው ፈጽመው፣ ሕክምናን በማጹሞቶ አጥንተው፣ ወይዘሮ ሚሆኮን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በከተማችን ሆስፒታል ሥራ የጀመርነውም በአንድ ቀን ነበር።

ሥራችን ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት መመርመር ነው። እሳቸው ግን በየሐሙሱ ማለዳ ጀማሪ ሐኪሞችን ሰብስበው፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ፣ አንዳንዴ ወደ ካንሰር የሚለወጡ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እባጮችን (ፖሊፖችን) ምስል እያሳዩ፣ የናሙናው ውጤት ከመገለጡ በፊት እያንዳንዱ «ይቆረጥ» ወይም «ይተው» ብሎ፣ እርግጠኛ መሆን አለመሆኑንም ጨምሮ እንዲጽፍ ያደርጉ ነበር። እርግጠኛ ነኝ ብሎ የተሳሳተ፣ ምስሉ ከነስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፍበታል። የራሳቸውንም ይለጥፉ ነበር፤ ወጣቶቹም በዚህ ወደዷቸው። የገዛ ልጄ ቺናጹ እንኳ ሐኪም ስትሆን እኔን ትታ የእሳቸው ደቀ መዝሙር ሆነች። ማዕድ ላይ «አባዬ፣ መምህር ሞሮዙሚ እኮ እንዲህ አሉ» ባለች ቁጥር አንጀቴ እርር ይል ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአንዱ ረቡዕ ወደ ላቦራቶሪ ወርጄ ለማግስቱ የተዘጋጁትን የሃያ ምስሎች ውጤት ሰርቄ አየሁ። በማግስቱ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጬ ስገምት እኔ ሃያውንም አገኘሁ፤ እሳቸው አሥራ ሰባት። ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ «ናጋሃማ፣ አንተ ጉደኛ! እስቲ ና አስተምረን፤ ሰባተኛውን በምን ለየኸው?» ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ምን ልበል? «ጠርዙ ነጣ ካለ አትንኩት፤ ክፉ አይደለም» ብዬ ከራሴ ፈጠርሁ። ሁሉም ጻፉት፤ ቺናጹም ጻፈች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቺናጹ ጠርዙ የነጣ ፖሊፕ አይታ፣ «ይተው፤ እርግጠኛ ነኝ» ብላ አንዲት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ አሰናበተች። ሞሮዙሚ ምስሉን ሲያዩ ደንግጠው ሴትዮዋን አስጠሩና ራሳቸው ቆርጠው አወጡት፤ ካንሰር ጀማምሮት ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ድናለች። በሐሙሱ ያን ምስል ሲለጥፉ ከሥሩ የጻፉት የቺናጹን ስም አልነበረም፤ የእኔንም አልነበረም። «ሞሮዙሚ፤ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ተሳሳትሁ» ይላል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ፤ ልጄም አባቷ በቅንነት የተሳሳተ መሰላት።

ለሰባት ወር በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በፊት ልናዘዝ ሄጄ ገና አፌን ስከፍት «ተወው ባክህ፤ እኔ እንደሁ ሃያ ከሃያ ያገኘ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው እያሳላቸው ሳቁ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል።

ዶክተር ሞሮዙሚ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ሰባ ያህል ያስተማሯቸውን ሐኪሞች ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ አንዷ ቺናጹ፣ ይህን ጉድ ዛሬ ገና ከአፌ ሰምታ፣ ይኸው ዓይኗን ከእሳቸው ፎቶግራፍ ላይ አላነሣችም፤ ወደ እኔም አልዞረችም። አሁንም እቀናለሁ። የኚህን ደግ ሰው ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን።