እኔና የሻረግ በአንድ ብስክሌት

በኛ ጊዜ ባልና ሚስት መንገድ ሲወጡ ባል ፊት ፊት፣ ሚስት ኋላ ኋላ ነበር። ጎን ለጎን የሄደ እንደሆነ «ይሄ ደግሞ ሚስቱን ታቅፎ ይዞራል» ይባላል። እና እኔም ያኔ ወገዳ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከገበያ ስንመለስ የሻረግ ከኋላዬ ትመጣለች፣ ዞሬም አላያት፣ ኮቴዋን ብቻ እሰማለሁ። አንተ፣ ስልክህን ጠጋ አድርገው፣ በደንብ ይቅዳ። ታዲያ ልጆቼ፣ በስተርጅና፣ ያውም ፈረንጅ አገር፣ እኔ ፊት እሷ ኋላ ሆነን በአንድ ብስክሌት አገር አቋረጥን ብል ማን ያምነኛል? ምስክሬ ይቺው አጠገቤ የተቀመጠችው ናት፣ ጠይቋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የየሻረግ ዓይኗ ጠፋ። የዓይን ግፊት ነው አሉ። እሷ «ጭጋጉ በዛ» እያለች፣ እኛም «ክረምት ነው» እያልን፣ ጭጋጉ ለካ ከዓይኗ ኖሯል። ልጃችን ትብለጥ ኦስትሪያ የሚባል አገር ነርስ ናት፣ ባልም እዚያው አግብታለች፣ «አምጣልኝ» አለችኝ፣ ሄድን። ሐኪሙ አየና አየና «የጠፋው አይመለስም» አለ። ትብለጥ አለቀሰች። የሻረግ አላለቀሰችም።

«እንግዲያው አገሬ ስገባ እመነኩሳለሁ» አለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ሸክም አልሆንም። እጄን ይዞ ደጅ የሚያወጣኝ፣ ውሃ የሚያቀብለኝ እየፈለግኩ አልኖርም። ገዳም ገብቼ ጥጌን ይዤ እጸልያለሁ።»

ልብ በሉ፣ ጸሎቱን ጠልቼ አይደለም። ሚስት ከመነኮሰች ግን ሚስትነቱ ቀረ፣ ቤቱም ቤት አይደል። ለነፍስ አባታችን ደወልኩ። «ያንተ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግን ልቧ የሸፈተን ሴት በግድ ብታስቀራት ምን ይረባሃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እና እሷ የምትመንንበትን ስታስብ፣ እኔ ብቻዬን የምገባበትን ቤት ሳስብ ሰነበትን።

ታዲያ የትብለጥ ባል ሐንስ ይባላል፣ እኛ ዮሐንስ ብለነዋል፣ እግዜር ይባርከው። እነሱ እረፍት ሲወጡ ዳኑብ የሚባለውን ወንዝ ተከትለው፣ ባልና ሚስት፣ ድንኳን ጭነው በብስክሌት ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። አንድ ቀን አንድ ጉድ እየገፋ መጣ። ብስክሌቱ አንድ፣ ኮርቻው ሁለት! የፊተኛው ይነዳል፣ የኋለኛው ይረግጣል። «አባባ ይነዳል፣ እማማ ትረግጣለች፣ አብረን እንሂድ» አለ፣ ትብለጥ እያስተረጎመች።

«በዚህ ዕድሜዬ እግሬን አንፈራጥጬ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች የሻረግ።

«ምን አለች?» አለ ዮሐንስ።

«እሺ ብላለች» አለችው ትብለጥ።

እኔ ብስክሌት አውቃለሁ፣ ንፋስ መውጫ ተማሪ ሳለሁ በኪራይ ነድቻለሁ። ያም ሆኖ መጀመሪያ ሁለታችንም ከሣር ላይ ተዘረርን። ኋላ ግን ለመድነው። ጥማድ በሬ እንኳ አንዱ ሲለግም አንዱ ይጎትታል፤ እሷ አልለገመችም፣ እንዲያውም ዳገት ላይ የምትገፋኝ እሷ ነበረች። ነሐሴ ነው፣ እኛ ዘንድ ጭቃና አረም ነው፣ እነሱ አጨዳ ላይ ናቸው።

«ገለባ ሸተተኝ፣ ምን አጭደው ነው?» ትላለች ከኋላ።

«ስንዴ።»

«ክምሩስ?»

«አይከምሩትም። ጭዱን እንደ ቆዳ ጠቅልለው ሜዳ ላይ ጥለውታል።»

«ዝናብ ቢመጣስ? ኧረ ሞኞች ናቸው። ወንዙስ?»

እኔ መቼም ወሬ አላውቅ፣ ዝም ስል ጀርባዬን በጣቷ ትወጋኛለች። «ተናገር እንጂ ሰውዬ! እኔ የምታወረው አንተ ዝም ስትል ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ዝምታ አለ! ድልድዩን፣ ደወሉን፣ የወይኑን ተክል፣ ደጁ ላይ ቆሞ የሚያየንን ሰውዬ ጢም ሳይቀር ስናገር ዋልኩ። አርባ ዓመት ያላወራኋትን በዚያ መንገድ አወራኋት ብል አልዋሸሁም።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ትብለጥና ዮሐንስ ማደሪያ ሊይዙ ቀድመውናል፣ የኛ ብስክሌት ካቴናው ተበጠሰ። ስልኩ እነሱ ዘንድ ነው። ዝናቡ ደግሞ ወረደ። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ የአንድ ገበሬ ቤት አየሁና ነገርኳት፣ እጇን ይዤ ደጁ ደረስን። እኔ መጥሪያውን ስፈልግ የሻረግ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«ቤቶች! ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፣ አሳድሩን!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ማን አማርኛ ይሰማልሻል?»

«እንግዳ መሆኔን ድምፄ ይነግራል። ትርጉሙን እግዜር ያውጣው።»

እውነትም አንዲት ባልቴት ቦቲ ጫማ ተጫምታ ወጣች፣ አየችን፣ የየሻረግን ዓይን አየች፣ ያልገባኝን ነገር እየተናገረች እጇን ይዛ አስገባቻት። ወንበር ሰጠችን። ከዚያ ሙቅ ውሃ በሳፋ ገልብጣ ወለሉ ላይ አኖረችና የወተት ዕቃዎቿን ልታመጣ ዞር አለች፣ ልታጥብበት ነው ለካ። የሻረግ ደግሞ የውሃውን ድምፅ ሰማች።

«አየህ? እነሱም የእንግዳ እግር ያጥባሉ» ብላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለት እግሯን ሳፋው ውስጥ ዘፍ! እኔ «ተይ፣ አንቺ ተይ» ስል ባልቴቷ ዕቃዋን ታቅፋ ደረሰች።

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ባልቴቷ ቆመች፣ አየች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ዕቃውን አስቀምጣ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ያንን ጭቃ የበላውን የሚስቴን እግር በሁለት እጇ አጠበች። ልጆቼ፣ የሻረግ ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ እግሯን ለልጇ እንኳ አልሰጠችም ነበር፣ «ሸክም አልሆንም» ብላ። ያን ቀን ግን ሰጠች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እቴ፣ እግርሽ አይንቀጥቀጥ» እያለች መረቀቻት። ያቺም በቋንቋዋ መለሰችላት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ የተግባቡ ግን ይመስለኛል።

ወተት አቀረበችልን፣ ፍልሰታ ነው፣ እንዴት ብለን እናስረዳት? የሻረግ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው ከበረቱ አንዲት ላም ጮኸች። ኋላ እንደሰማነው አዲስ የወለደች ናት፣ በመኪና መታለብ እምቢ ብላለች፣ ባልቴቷም በእጇ ልታልባት ተነሳች።

«ውሰደኝ» አለች የሻረግ።

«የት?»

«ወደ ላሟ። እግሬን አጥባኝ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ?»

ወሰድኳት። ላሟን ሽንጧን ዳበሰች፣ ግንባሯን አስጠጋች፣ እስቴ አባቷ ቤት ላም ስታባብል የምትለውን እያለች አለበች። ላሟም ፈረንጅነቷን ረስታ ቆመችላት! ባልዲው አረፋ እስኪያወጣ አለበች። ባልቴቷ ትከሻዋን ይዛ ትስማታለች፣ ጾመኛዋ ሚስቴ ወተቱን ሳትቀምስ ትስቃለች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

በማግሥቱ ዮሐንስ አፈላልጎ አገኘን፣ ካቴናውን ቀጠለው፣ ባልቴቷ ዳቦና ቲማቲም ቋጥራልን ሸኘችን። ወንዙ ዳር እየሄድን የሻረግ ከኋላዬ፦

«ስማ» አለች።

«ወዬ።»

«ያ ቆብ ይቆየኝ።»

ዞሬ አላያት፣ ብስክሌቱ ይወድቃል። «እሺ» ብቻ አልኩ። እንባዬ እየወረደ መንገዱ ጠፍቶኝ፣ እሷ «ምን ሆንክ? ምን አየህ? ተናገር እንጂ!» እያለች ጀርባዬን ትወጋኛለች። «ነፋስ ነው» አልኳት። ያችን ባልቴት፣ ስሟን እንኳ በቅጡ ያልያዝኩትን፣ እግዜር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ተሰጥቶኛል፤ እንደዚያች ሴት የሰጠኝ ግን የለም።

(ከአድማጮቹ የባለወጋው የእህት ልጅ ወደ የሻረግ ዞር ብላ፦ «እትዬ፣ እውነት እግርዎን ስላጠበችዎ ነው ምንኩስናውን የተዉት?» ብላ ጠየቀቻቸው።)

«ሲያጥቡኝ ማፈሬን ተውኩ፣ እውነት ነው። ግን ልጄ፣ የሚመንን ሰው ዓለምን የጠገበ ነው። እኔ በዚህ ሰውዬ አፍ ዓለምን ማየት የጀመርኩት ገና አሁን ነው፤ ምኑን ጠግቤ ልመንኩስ?»

(ሁሉም ሳቁ፤ ባለወጋው አዛውንት ግን ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ።)