ከሊኑክሱ በኋላ የመጣው ድምፅ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ እትዬ አልማዝ ቤት ሄድኩ። የሟች ባላቸው የጋሽ ተስፋዬ ላፕቶፕ አርጅቶ አልከፈት ስላላቸው፣ ፎቶዎቹን ኮፒ አድርጌ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት። «ኦኬ እትዬ፣ አሁን እንደ አዲስ ነው» አልኳቸውና የሚደዋወሉበትን አፕ ከፈትኩላቸው። የስም ዝርዝሩ ሲመጣ ክንዴን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ሳል ሲያሰቃያቸው ከርሞ ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርናቸው ጋሽ ተስፋዬ፣ ከስማቸው ሥር «ኦንላይን» ይላል።

«ቁጥራቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይሆናል» ልል አፌን ስከፍት፣ እትዬ ኮል አድርገዋል። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ተስፋዬ?»

«አቤት!» አለ የወንድ ድምፅ፣ በአማርኛ። «ማን ልበል?»

ተስፋዬ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ግን በዚህ ሁሉ ፈረንጅ መሃል ቁጥሩ ለሌላ ተስፋዬ ይደርሳል?

እትዬ አልማዝ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። «ምንም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አሉና ዘጉት። ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ፣ ሳሉ ለቆታል።»

የቁጥሩን ነገር ትቼ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አስጠጋሁላቸው።