አራተኛ ፎቅ የማይደርስ ጅማት

እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ? የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን መጋረጃ ቀየራችሁት እንዴ? ያምራል። ስስ ሆነ እንጂ... ወዲያ ማዶ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ወሬ አያስቀርም። ግድ የለም፣ አንቺ ጉልበቴን ማሸትሽን ቀጥዪ፤ እኔ የማወራው ስለማታውቂው ሰው ነው።

አንድ ሰው አለልሽ። የእናቴ ልጅ ነው ልበልሽ? የእናቴ ልጆች ብዙ ነን፤ ሁለት። የዛሬ ስምንት ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ቡድን ሲጫወት ቆሞ ያያል። ጎሉን ያገባው ሌላ፣ በደስታ ዘሎ የተረከዙን ጅማት የበጠሰው እሱ! ጧ ሲልበት የተመታ መሰለውና ዞሮ ከኋላው የቆመውን ሰው በጥፊ አጮለው። ባሌን። እግሩ ቢጎዳም እጁስ ተመስገን ነው... ይቅርታው ግን በእግሩ ስለሚመጣ እስካሁን ደረጃ ላይ ነው። እኛ ከእናቴ ጋር አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የለውም።

ቅድም ከወዲያ ለሆነ ታካሚ ስታስረጂ ሰማሁሽ። ጅማቱ ሲድን ረዘም ብሎ ነው የያዘው፣ ባቱም የድሮ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አያገኝም ስትይው። ይገርማል! የኔው ሰውዬ ጅማት እኮ አጥሮ መስሎኝ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ የማይደርሰው። ታካሚሽ በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን ስንቴ አነሳ? ስድስት? እልል ነው! ስልክ አንዴ የማያነሳ ሰው አውቃለሁ...

ባቱም በሁለት ሳንቲሜትር ቀጥኗል አልሽው? እስቲ ሜትሩን አምጪው፣ የኔንም ለኪልኝ። እግሬ እስኪቀጥን ስወጣ ስወርድ ኖሬ... እይው፣ ምሰሶ! ያልወጣው ሰው እግር ቀጠነ። የኔው ሰውዬም ከልጅነቱ የሌላውን ድርሻ መውሰድ ያውቅበታል።

ደረጃ መውጣት ይጠቅምሃልም አልሽው? ኧረ ቀስ ብለሽ ንገሪው! ስምንት ዓመት የተደገፈበትን ምክንያት ባንዴ ሲነጥቁት ሰው ይወድቃል። ከመጋረጃው ወዲያ ምንድነው የሚንቋቋው... አልጋው ነው?

እናቴ ግን አትቀየመውም። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር "እሱ ነው፣ እግሩን እየጎተተ ነው፣ በሩን ክፈቺ" ትለኛለች። እከፍታለሁ... ሲሊንደር ተሸክሞ የሚያለከልክ የጋዝ አመላላሽ። ባለፈው ዓይኗ ደከም ብሎ እጁን ይዛ "እግርህን ይማርልኝ ልጄ" አለችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት "አሜን እናቴ" ብሎ ግንባሯን ሳማት። ሁለት ቀን ሙሉ በደስታ እህል ቀመሰች። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው፣ እውነቴን ነው የምልሽ። አሁን ሐኪሞቹም ብዙ ቀን አይሰጧትም።

ብቻ እሱን ፈጣሪ ይርዳው። ጅማቱን ያጥብቅለት፣ ባቱን ያደንድንለት፣ አራቱን ፎቅ ሜዳ ያድርግለት። እናታችንን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሆኖ ለማውረድ... ያን ቀን እንኳ ለመውጣት ያብቃው።